ያለ ቅቤ የሚጣፍጠው በያይነቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ በምሳ ሰዓት ምግብ ቤት የሚገባ ጿሚ ሜኑ እምብዛም አይጠይቅም፤ «አንድ በያይነቱ» ብሎ ይቀመጣል። ምስሩ፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ቀይ ስሩ፣ ፎሶልያው በእንጀራው ላይ ዙሪያውን ተደርድሮ ይመጣል፤ ሽሮው መሀል ላይ ነው።

የአንድን ቤት ሙያ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምግብ የለም። በጾም ቅቤ ስለማይገባ ጥሬ የቀረ ቁሌት መደበቂያ የለውም። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ ውሃ የተጨመረበት ምስር ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቃል፤ በርበሬው ምላስ ላይ ብቻውን ይቀራል።

ጥሩዎቹን ቤቶች የሚለየው ግን ስልጆው ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ስናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ይብላላል። ነጣ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ ሰርሰር የሚያደርግ ነው። ጊዜ ስለሚጠይቅ ብዙ ቤቶች ትተውታል፤ በጣም ያሳዝናል። ዛሬም ከትሪው ዳር አንድ ማንኪያ የሚያኖሩ ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

በሁዳዴ 55 ቀናት እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው ብዙ ነው። ጥሩ ቤት ለእሱም አዲስ ሽሮ ይጥዳል እንጂ ከምሳ የተረፈውን አያሞቅለትም።