ወረቀቱ ይመስክር

ነገሌ ቦረና ላይ ፕሪንተር የሚያበላሸው የሥራ ብዛት አይደለም። አቧራው፣ መብራቱና ሰው ነው። ከሦስቱ ማን ይቀድማል ብትሉኝ ሰው እላለሁ። ሰው ስል ደግሞ ቁልፉን የሚጫነውን ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን መፍቻ ይዞ የሚመጣውን የእኔን ቢጤም ማለቴ ነው።

ጥገና የምንሠራ ሰዎች ክፉ ልማድ አለን። ፕሪንተሩ እንቢ አለ ሲባል እጃችን ቀድሞ ወደ መፍቻው ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙ አያስከፍልም። ጠርጥረህ የፈታኸው ዕቃ ደህና ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም አንዱ ፕላስቲክ እጅህ ላይ ቀጭ ቢል፣ መርካቶ ወርደህ ሌላ ታመጣለህ። ከነገሌ አዲስ አበባ ግን ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንዲት የፊውዘር ፊልም ስትፈልግ ለሚያውቅህ ነጋዴ ትደውላለህ፣ ብሩን ታስገባለህ፣ ዕቃው በአውቶቡስ ሐዋሳንና አዶላን አልፎ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። የመጣው የታዘዘው ካልሆነ እንደገና ከሀ ትጀምራለህ። ያቤሎ፣ ፊልቱ፣ ዶሎ ኦዶ ያለ ባለሙያም ኑሮው ይኸው ነው። ስለዚህ በቆላ ከተማ ትልቁ ሙያ መፍታት ሳይሆን ከመፍታት በፊት በሽታውን ማወቅ ነው።

ለዚህ ከታተመው ወረቀት የበለጠ ምስክር አላውቅም። ሌዘር ፕሪንተር ሥራውን በደረጃ ነው የሚሠራው። ድራሙ የኤሌክትሪክ ሙሌት ይቀበላል፤ ጨረሩ ጽሑፉን ይስልበታል፤ የቶነሩ ዱቄት የተሳለው ላይ ብቻ ይያዛል፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ፊውዘሩ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት አቅልጦ ይለጥፈዋል። እያንዳንዱ ደረጃ ሲበላሽ ወረቀቱ ላይ የሚተወው የራሱ ምልክት አለው።

አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ “ጋሼ፣ ቶነሩ አልቋል መሰለኝ፤ ጽሑፉ በእጅ ይነሳል” ብላ ደብዳቤ አሳየችኝ። ፊደሉ ጥቁርና ደማቅ ነው። ያለቀ ቶነር ያሳሳል እንጂ አያስለቅቅም። “ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ነው?” ብዬ ጠየቅኋት። የመጀመሪያው ደህና ነው፣ የሚነሳው ሦስተኛው አራተኛው ላይ ሲደረስ ነው አለችኝ። ይህች መልስ ግማሹን ሥራ ጨረሰችልኝ። አትሙ ብዬ ወረቀቱ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ክዳኑን ከፈትሁ። ማሽኑ ቆመ። ካርትሪጁን አውጥቼ ድራሙን ብርሃን እንዳይጎዳው በጨርቅ ሸፈንሁና ወረቀቱን ሳላሻሸው ቀስ ብዬ ሳብሁት። ፊውዘሩ ጋ ያልደረሰው የወረቀቱ ክፍል ላይ ዱቄቱ ፊደል በፊደል ጥርት ብሎ ተኝቷል፤ እፍ ቢሉት ይበናል። ካርትሪጁ ነጻ ወጣ።

ያን ጊዜ ዱቄቱ ድራሙ ላይ ጥርት ብሎ ወረቀቱ ላይ ሳስቶ ቢገኝ ኖሮ ጥፋተኛዋ ከካርትሪጁ ሥር የምትተኛው ጥቁር የስፖንጅ ሮለር ትሆን ነበር። ድራሙ ላይም ሳስቶ ከሆነ ካርትሪጁ ወይም የጨረሩ መስታወት ነው። እዚህ ግን የቀረው ሙቀቱ ብቻ ነው። ፊውዘሩን ከመፍታቴ በፊት የኤሌክትሪክ ገመዱን ተከትዬ ሄድሁ። ከጠረጴዛው ሥር ቀጭን ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩ ላይ ፕሪንተሩ፣ ሁለት ኮምፒውተርና የሻይ ውሃ ማፍያ! ማፍያውን ነቅለን ፕሪንተሩን ግድግዳው ላይ ሰካነው፤ አሥረኛውም ገጽ አልለቀቀም። ለሻዩ ሌላ ሶኬት ተፈለገለት።

ስለ መብራት ከተነሳ አይቀር፣ ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የገናሌ ዳዋ 3 የውሃ ኃይል ማመንጫ 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የእኛ ሶኬት ግን አሁንም ይዋልላል፣ ይሄዳል፣ ሲመለስ ደግሞ ገፍትሮ ይመጣል። ፕሪንተር የሚሞተው በሄደበት ሳይሆን በተመለሰበት ደቂቃ ነው። መብራት ሲጠፋ ነቅላችሁ፣ ተመልሶ ሲረጋ ሰኩ። አቅሙ በቂ የሆነ ስታቢላይዘር ገንዘቡን ይመልሳል። ዩፒኤስ ላይ ግን ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩ፤ ፊውዘሩ ሊሞቅ ሲነሳ የሚስበውን ኃይል ለኮምፒውተር የተሠራች ትንሽ ዩፒኤስ አትችለውም። ለኮምፒውተሩ የተገዛው ዩፒኤስ በዚህ ምክንያት ሲቃጠል ደጋግሜ አይቻለሁ።

ገጹ ላይ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነጥብ ወይም ጭረት ካለ ከመፍቻ በፊት ማስመሪያ ያስፈልጋል። የሚሽከረከር ነገር አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ጠባሳውን ያትማልና። በትናንሾቹ ኤችፒዎች፣ ለምሳሌ በ1020 እና በፒ1102፣ በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ርቀት 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ የተጫረው ድራሙ ነው። ርቀቱ ከዚያ ካነሰ ዓይኔን ወደ ሌሎቹ ሮለሮችና ወደ ፊውዘሩ አዞራለሁ። ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ የሚወርድ ነጭ መስመር ግን ዙር የለውም። ዱቄቱ አለማለቁን ካርትሪጁን ነቅንቄ ካረጋገጥሁ በኋላ የጨረሩን መስታወት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ብዙ ጊዜ ጨርቁ ቀይ ሆኖ ይወጣል።

ቀዩ አፈራችን የማይገባበት የለም። በበጋ መስኮት ተከፍቶ ይዋላል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ክፍሉ ይቀላል። አቧራው በመጀመሪያ የሚያጠቃው የወረቀት ማንሻውን ጎማ ነው። ጎማው ሲለሰልስና ማብረቅረቅ ሲጀምር ወረቀቱን ያንሸራትተዋል እንጂ አይነክሰውም፤ ማሽኑም ወረቀት እያለው “ወረቀት የለም” ይላል። በውሃ ረጠብ ባለ ጨርቅ አሽቶ ማድረቅ ይበቃል። ቤንዚን ጎማውን ይበላዋል። በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁም አሉ፤ ለጊዜው ይነክሳል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። ወረቀቱም የአየሩ ልጅ ነው። በደረቁ ወራት እርስ በርሱ ተጣብቆ ሁለት ሦስት ሆኖ ይገባል፤ ከመጫኑ በፊት ማራገብ ነው። በዝናቡ ወራት፣ በጋናና በሐጋያ፣ ደግሞ እርጥበት ስቦ ይጠቀለልና መንገድ ላይ ይታጠፋል፤ ከማሸጊያው የዕለቱን ብቻ አውጡ። የተያዘ ወረቀት ደግሞ በሚሄድበት አቅጣጫ በሁለት እጅ ይሳባል። ወደ ኋላ የጎተተ ሰው የፊውዘሩን ፊልም ቀድዶ ያስረክበኛል።

“ነገ እናሠራዋለን” የሚል ኃላፊ ሲገጥመኝ የዚህችን ከተማ ታሪክ አነሳበታለሁ። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚህ የሰፈረው ጦር ያመፀው የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶበት፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም ስላሉትና ምግቡም ስለከፋ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራል ይዘው ያንኑ ምግብና ውሃ አቀመሱት። የዚያ ዓመት ነገር የት እንደደረሰ ይታወቃል። ኃላፊው ይስቃል፤ አንዳንዴም ይፈርምልኛል።

ፈጽሞ መፍቻ የማይነካው በሽታም ብዙ ነው። ጠቋሚ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ የማያትም ፕሪንተር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የሰነዱን የወረቀት መጠን አያለሁ። ሰነዱ “ሌተር” ተብሎ ተሠርቶ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኤ4 ከሆነ ማሽኑ ቆሞ ሌላ ወረቀት ይጠብቃል። ገመዱ ወደ ሌላ ቀዳዳ ከተዛወረ ደግሞ ኮምፒውተሩ “ኮፒ 1” የሚል ሁለተኛ ፕሪንተር ይፈጥርና ሥራው ሁሉ ወደ ተነቀለው ይላካል። ያኔ ጸሐፊው ደጋግሞ ያዝዛል፤ በመጨረሻ ሲስተካከል ያ ሁሉ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይወጣና አንድ እሽግ ወረቀት ይበላል። ወረፋውን አስቀድሞ ማጽዳት ነው፤ አልጠፋ ካለ ወረፋውን የሚያስተናግደውን ፕሮግራም፣ ስፑለሩን፣ አቁሞ ማስነሳት።

አማርኛ ደብዳቤን በተመለከተ ማሽኑ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። የቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሆነ የብዙዎቹ ኮምፒውተሮች የድሮ የአማርኛ ፊደል ተጭኖባቸው አያውቅም። ሌላ ቦታ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ በፍላሽ ሲመጣ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታተማል። ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዚያ የተጻፈ ይህ አይደርስበትም። የድሮውን የሚጠቀም ሰው ፒዲኤፍ አድርጎ ይላክ።

ለግዥ ሰዎች ደግሞ አንድ ቃል። በጨረታ ዋጋው ዝቅ ያለውን ማሽን ከማንሳታችሁ በፊት ካርትሪጁ ከተማው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። ካኖን ከ1984 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሌዘርጄት ጀምሮ ለኤችፒ ዋናውን የማተሚያ ክፍል ሲሠራ ስለኖረ የሁለቱ ካርትሪጅ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የኤችፒ 85ኤ እና የካኖን 725 ለምሳሌ ይተካካሉ። ቶነር ስታስሞሉም ከድራሙ የተጠረገው ትርፍ ዱቄት የሚጠራቀምበት ክፍል መራገፉን በዓይናችሁ እዩ። ሳይራገፍ የተሞላ ካርትሪጅ ሞልቶ ይፈስና ገጹን ያጠቁረዋል፤ ከዚያ አዲስ ግዙ ትባላላችሁ።

ፕሪንተሩን ስታመጡልኝ ካርቶን አያስፈልግም፣ ጨርቅ ይበቃል። ያበላሸውን ወረቀት ግን አትጣሉት፤ አብራችሁ አምጡልኝ።