በባህል ጎጆ ማደርና የእንግድነት ወግ

አማርኛ ከሩቅ የሚመጣን ሰው በሁለት ስም ይጠራዋል፤ «እንግዳ» ይለዋል፣ «ጎብኚ» ይለዋል። እንግዳ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ እርሱም በቤቱ ሥርዓት ያድራል። ጎብኚ ግን ቦታ አስይዞና ሒሳብ ከፍሎ፣ የሚያየውን ሁሉ አስቀድሞ አውቆ ይመጣል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው በባህላዊ ቤት አድሮ ባህልን የመቅመስ ጉዞ ለሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ስም ሊሰጠው ይሞክራል። ሙከራው ይሳካለት እንደሆነ መመርመር ይገባል።

የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ስመ ጥር ምሳሌ በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የላኮታ ሕዝብ ድንኳን፣ ቲፒ ነው። ቃሉ በላኮታ ቋንቋ «ይኖራሉ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ቤቱ ስሙን ያገኘው ከቅርጹ ሳይሆን ከነዋሪዎቹ ነው ማለት ነው። ሦስት አጣናዎች ታስረው ይቆማሉ፣ ሌሎቹ በእነርሱ ላይ ይደገፋሉ፣ ከዚያም ድንኳኑ በተሰፋ የጎሽ ቆዳ ይሸፈን ነበር። ቆዳውን የሚሰፉት፣ ድንኳኑንም የሚተክሉትና የሚነቅሉት ሴቶች ነበሩ፤ ባለንብረቶቹም እነርሱ ናቸው። ቤቱ የራሱ ሕግ ነበረው። የክብር ቦታው ከእሳቱ ባሻገር፣ ከበሩ ትይዩ ነው፤ በእሳቱና በተቀመጠ ሰው መካከል ማለፍም ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የጎሽ መንጋው ተጨፍጭፎ ሲያልቅ ቆዳው በሸራ ተተካ፤ ሕዝቡም በተከለለ መሬት ተወስኖ መንፈሳዊ ሥርዓቶቹን እንዳይፈጽም በ1883 ተከለከለ። የሃይማኖት ነጻነቱን የሚያውቅ ሕግ የወጣለት በ1978 ነው። ዛሬ ላኮታዎች የሚኖሩት እንደ ማንኛውም አሜሪካዊ በተራ ቤት ሲሆን፣ ቲፒ የሚተክሉት ለበዓል፣ ለሥርዓትና ለእንግዳ ነው። ስለዚህ በደቡብ ዳኮታ፣ በፓይን ሪጅ፣ በአንድ የላኮታ ቤተሰብ መሬት ላይ ያደረ ሰውና በመዝናኛ ስፍራ በተተከለ ሸራ ሥር ያደረ ሰው ያረፉበት ቅርጽ አንድ ቢሆንም ያደሩበት ቤት አንድ አይደለም። የፊተኛው ሲሳሳት የሚያርመው ባለቤት አለው፤ የኋለኛው ያለው ቅርጹ ብቻ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ አካባቢ የሚገኘው የዶርዜ ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተፈትሎ የሚሠራው ይህ ቤት አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ መልኩ የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም ዝቅ ይላል፤ አስፈላጊ ከሆነ ጎረቤት ተሰብስቦ ከነሙሉ አካሉ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። እንዲህ እያጠረ አሥርተ ዓመታትን ይኖራል። ለአንድ ሌሊት የሚመጣው ሰው ግን የሚያየው እንሰት ሲፋቅ፣ ቆጮ ሲጋገር፣ ጥጥ ሲፈተል፣ ሸማ ሲሠራ፣ በመጨረሻም ሲጨፈር ነው። ትርኢቱ ሐሰት አይደለም። ሽመና የዶርዜን ሰው እስከ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ሲያሰድደው ኖሯልና፣ ገዢው ራሱ ወደ መንደሩ መምጣቱም ጥቅም አለው። ጉድለቱ ሌላ ነው። የቤቱ ታላቅ ምስጢር ቤትን ተሸክሞ የሚያዛውር ጉርብትና ሆኖ ሳለ፣ ጎብኚው ቀርከሃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ጉርብትናውን ሳያይ ይመለሳል።

በዚህ ረገድ በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ፣ ከመቋት ማርያም አካባቢ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2003 «ተስፋ» በሚል ስም የተጀመረው ሥራ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ጎጆዎቹ ለእንግዳ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ማንም የኖረባቸው አስመስሎ አላቀረባቸውም። መንገደኛው ጓዙን በአህያ አስጭኖ ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይጓዛል፤ የሚያስተናግዱት ገበሬዎቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ገቢው የማኅበረሰቡ ነው። በቅርጽ ከተመዘነ፣ ሰው ይኖርበት የነበረው የዶርዜ ቤት ከመቄቱ አዲስ ጎጆ ይበልጣል፤ በእንግድነት ከተመዘነ ግን ሚዛኑ ወደ መቄት ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት በ2021 ወሎን ሲያዳርስ፣ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ሲከተል፣ የጎብኚው እግር አጠረ። የአስተናጋጁ ዋና መተዳደሪያ እርሻው መሆኑ ያን ጊዜ ጠቀመው፤ እንግዳ ሲጠፋ ኑሮው ቢጎዳም ገበሬነቱ አልቀረም።

እንግዲህ የዚህ ጉዞ መመዘኛ የጎጆው ጥንታዊነት ሊሆን አይገባም። «ከዚህ ግባ፣ ከዚያ አትቀመጥ» የሚል፣ ሲፈልግም «ዛሬ ቤት አይመችም» ማለት የሚችል ባለቤት አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ገንዘብ መክፈል ብቻውን እንግድነትን አያፈርሰውም። እንግድነት የሚፈርሰው ከፋዩ የቤቱ አዛዥ የሆነ ዕለት ነው።

በአል-ጣኢፍም ሆነ በሌላው የካርቱም ሰፈር ለኖረ አማርኛ አንባቢ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኪራይ ቤት፣ በማያውቁት ጣሪያ ሥር፣ ሱዳኖችም በዚያው ስም በሚጠሩት ጀበና ቡና ሲፈላ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ተራቸውን ጠብቀው ሲቀዱ፣ ያለ ሣር ክዳንና ያለ ምሰሶ የቆመ የባህል ቤት ነበረ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ብዙዎችን ከዚያ ቤት አፈናቀለ። በስደት ያደገ ልጅ ነገ ወደ ወላጆቹ አገር ሄዶ በባህል ጎጆ ሒሳብ ከፍሎ ቢያድር ጎብኚ ነው ወይስ እንግዳ? መልሱን የሚሰጠው ጎጆው አይደለም። ልጁ ከደጅ ቆሞ ማለት የሚገባውን ከቤቱ ተምሮ እንደሆነ፣ ባለቤቱ በድምፁ ያውቀዋል።