አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ስናስተዋውቅ የምንዘለው ነገር

ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈ አጠቃላይ መግለጫ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን ካነበባችሁ ሁሉንም አንብባችኋል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1950 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ተመሠረተ፤ በ1961 «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» ተባለ፤ ከአብዮቱ በኋላ የአሁኑን ስሙን ያዘ። ስድስት ኪሎ ያለው ዋናው ግቢ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ የካምፓሶች ዝርዝር፣ የኮሌጆች ዝርዝር፣ የተማሪ ብዛት። አለቀ።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ግን «ግዙፍ የምርምር ተቋም» ብለን ጀምረን ምርምሩን የት ጣልነው? ስለ አንድ ሯጭ ስታወሩ የጫማውን ቁጥርና የትውልድ ቀኑን ተናግራችሁ የገባበትን ሰዓት እንደመዝለል እኮ ነው።

እስቲ አራት ኪሎን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 የዓለም ሳይንቲስቶች «ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው ምድርን በጋራ ሲለኩ፣ እዚያ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ለምድር ማግኔታዊ ወገብ ቅርብ ናት። በዚህ መስመር ላይ፣ ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ይህን ከለንደን ሆኖ መለካት አይቻልም። ኦብዘርቫቶሪውን የመሩት ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ደግሞ ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻ ጭምር እያገላበጡ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 በመጽሐፍ አወጡ። በ1961 ካራቆሬንና ማጀቴን ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ እዚያ አለ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትናጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነውም አምፖሉ ሲወዛወዝ ስናይ፣ «ምን እየሆነ ነው?» ብለን የጠየቅነው የዚያኑ ቤት ልጆች ነው። በየትኛው መግለጫ ላይ ነው ይህ የተጻፈው?

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የእንዶድ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ሊያጠኑ ዓድዋ ወርደው ነበር። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የግድ ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ቀንድ አውጣው ከሌለ መንገዱ ይቆረጣል። አክሊሉ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ያለው ቀንድ አውጣ ሞቷል፤ ከፍ ብሎ ያለው ደህና ነው። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ሌላው ሰው አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ከላይ ያለውን ቀንድ አውጣ አስለቅመው የእንዶዱን አረፋ ሞከሩበት። ሞተ። እንዶድን እንደ ሳሙና የሚያስኮረፍፈው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ቀንድ አውጣውንም የሚገድለው እሱው ነው።

ከዚያ በ1966 ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ሙከራ ሲደረግ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው ሕመም ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ወሰዱ።

ታሪኩ ግን በሽልማት አያልቅም፤ መነገር ያለበትም የማያምረው ክፍሉ ነው። የዓለም ጤና ተቋማት በአፍሪካ ላብራቶሪ የተገኘውን ውጤት ለመቀበል ረጅም ዓመታት አንገራገሩ። በ1990ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ አክሊሉ ራሳቸው የተሳተፉበትን ጥናት ይዞ፣ የውኃ ቱቦ የሚደፍነውን ዜብራ ሙስል በእንዶድ ለመግደል የባለቤትነት መብት አወጣ። እንዶዱ የማን ነው? የዓድዋ ሴቶች፣ የተመራማሪው፣ ወይስ ወረቀቱን ያስመዘገበው? በዚህ ጥያቄ ላይ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሙሉ ቀን ብንከራከር አይበቃንም። አንድ መስመር እንኳ ያልሰጠነው ለዚህ ነው።

ዕፅዋቱን ባጭሩ ልንካው። ከዩፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ያለቀው በ2009 ነው። ወደ ሰላሳ ዓመት! በየትኛውም የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ግን ሰላሳ ዓመት የፈጀ መዝገብና በሦስት ወር የተጻፈ አጭር ጽሑፍ እኩል አንድ አንድ ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሰንጠረዡን ስታዩ ይህን አትርሱ።

ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ ብቻ አይመስለኝም። የዕፅዋቱም መዝገብ፣ የመንቀጥቀጡም ታሪክ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ያሳያል፤ ደስ ይላል፣ እኔም ሁሌ አያለሁ። ግን መኝታ ቤት የሚያስጎበኝ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪውንም ያስጎብኝ እንጂ።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩል ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ነው፤ ተማሪውን ራሱ ይመርጣል፣ ገቢም ራሱ ያፈላልጋል። ገንዘብ የሚፈልግ ተቋም ራሱን ማስተዋወቁ አይቀርም። የሚያስተዋውቀው በምኑ እንደሆነ ደግሞ የትኛው ክፍል በጀት እንደሚያገኝ ይወስናል። ገዢ በቶሎ የሚያገኘው የቢዝነስ ትምህርት ነው። ቀንድ አውጣ የሚቆጥር፣ ቅጠል የሚያደርቅ፣ ለሊት ሲስሞግራፍ የሚጠብቅ ሰው ከፋዩ ማን ነው?

እናንተ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ፣ ግቢውን የሚያስጎበኛችሁን ሰው አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «ሄርባሪየሙ በየት በኩል ነው?»