ከ17 ወደ 46፦ የዳማምና የኾበር ማንነት በመጠይቅ ሲለካ

ሶሺዮሎጂስቱ መንሱር ሞዓደል በ2003 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሳውዲ ዓረቢያ ባካሄዱት የእሴት ጥናት «ከሁሉ በፊት ሳውዲ ነኝ» ያለው መላሽ 17 በመቶ ነበር። በ2011 ጥያቄው ሲደገም 46 በመቶ ደረሰ። በግብፅና በኢራቅም አሃዙ ከፍ በማለቱ፣ ውጤቱ የአገር ስሜት የሃይማኖትን ማንነት ማሸነፉን ያሳያል የሚል ንባብ ተከተለ። ይህ ንባብ የቸኮለ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጥሩ መለወጡን አልጠራጠርም፤ የሚያከራክረኝ የተሰጠው ትርጉም ነው። ትርጉሙን ለመፈተሽም በሳውዲ ምሥራቅ ጠረፍ ካሉት ከዳማምና ከኾበር ከተሞች የተሻለ ቦታ የለም።

ጥያቄው በዋናነት የሚያስመርጠው ከሦስት ነገር ነው፦ ሙስሊም፣ ዓረብ፣ ሳውዲ። መላሹ የሚያስቀድመው አንዱን ብቻ ስለሆነ «ሳውዲ» ሲጨምር ከሌሎቹ አንዱ የግድ ይቀንሳል። ሰውየው ግን ከሶላቱ አንዲት ረከዓ አላጎደለ ይሆናል። መጠይቁ ቅደም ተከተልን እንጂ የእምነትን ጥልቀት አይለካም። ሁዋን ሊንዝ በስፔን የጀመሩት፣ ሉዊስ ሞሬኖ በ1986 ለስኮትላንድ የተጠቀሙበት ባለ አምስት ደረጃ ጥያቄ ከዚህ ይሻላል፤ «ሁለቱንም እኩል ነኝ» ለሚል ሰው ቦታ አለውና። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትርም እኛን ኢትዮጵያውያንን ስለ ብሔርና ስለ አገር የሚጠይቀን በዚሁ ዓይነት ሚዛን ነው።

ወደ ቦታው እንምጣ። ኋላ ንጉሥ የሆኑት ዐብዱልዐዚዝ ከተሞቹ ያሉበትን የሐሳን ምድር ከኦቶማኖች የወሰዱት በ1913 ነው። በ1923 ከባሕሬን የተሻገሩ የደዋሲር ጎሣ ቤተሰቦች ዳማምና ኾበር ላይ ሰፈሩ። በ1938 ዳማም ቁጥር 7 የተባለው ጉድጓድ ነዳጅ ሲያፈልቅ ደግሞ ከመላው አገር ሠራተኛ ጎረፈና ከተሞቹ አደጉ። ጎረቤታቸው ቀጢፍ ግን የጥንት የቴምር አገር ነው፤ ሕዝቡም በአብዛኛው ሺዓ ነው።

እንግዲህ ጠያቂው የኾበርን ሰው አገኘ እንበል። አያቱ ከባሕሬን የመጡ ናቸው፤ ዘመዶቹ በ1986 ከተከፈተው፣ 25 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ማዶ ይኖራሉ። ይህ ሰው «ሳውዲ ነኝ» ሲል ከማዶ ዘመዱ የሚለየውን ፓስፖርት እየተናገረ ሊሆን ይችላል። የቀጢፉ ሰው ያንኑ ቃል ሲመልስ ነገሩ ሌላ ነው። በኤፕሪል 2003፣ የመጀመሪያው ጥናት በተካሄደበት ዓመት፣ 450 ያህል የሺዓ ሰዎች «የአገር ሸሪኮች» የተሰኘ ማመልከቻ ለአልጋ ወራሹ ለዐብዱላህ አቅርበው ነበር። ጥያቄያቸው እኩል ዜግነት ነው። ከዚህ ወገን የሚመጣ «ሳውዲ ነኝ» የሚል መልስ አቤቱታም አለበት፤ «ድርሻዬን ስጡኝ» ማለት ነው። ሁለቱን መልሶች ደምሮ አንድ በመቶኛ ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ስሜት ናቸው ማለት ግን አይቻልም። «ከሁሉ በፊት የምሥራቁ ሰው ነኝ» ለሚልማ ከሦስቱ ምርጫዎች አንዱም አይሆነውም።

ጊዜውም መታየት አለበት። 2003 የኢራቅ ወረራና የሪያድ ፍንዳታዎች ዓመት ነው። በሜይ 2004 ታጣቂዎች ኾበር ውስጥ 22 ሰዎች ገደሉ፤ በሃይማኖት ስም የተፈጸመ ጥቃት ሰዎች በየትኛው ስም መጠራት እንደሚሹ ሳይለውጥ አልቀረም። ከ2005 ጀምሮ ሴፕቴምበር 23 ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል ሆነ። በ2011 ቀጢፍ ውስጥ ሰልፍ ሲወጣ መንግሥት ለደሞዝ፣ ለቤትና ለድጎማ ከመቶ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። በእንዲህ ያለ ዓመት ለማያውቁት ጠያቂ የሚሰጥ መልስ ምን ያህሉ የልብ፣ ምን ያህሉ የጥንቃቄ ነው? ቲሙር ኩራን በ1995 መጽሐፋቸው ሰዎች በአደባባይ የሚሉትና በልባቸው የሚይዙት እንዴት እንደሚለያይ በሰፊው አሳይተዋል። የማንነት ጥናት ተንታኝ ይህን ሥራ መዝለል አይገባውም።

የናሙናውም ነገር አለ። የ2003ቱ ናሙና 1,502 ሰው ነበር። ምሥራቃዊው ግዛት በ2022 ቆጠራ ከአገሪቱ ነዋሪ 16 በመቶ ያህሉን ይዟል፤ በዚህ መጠን ቢሰላ ድርሻው 240 ሰው ገደማ ነው። የስሕተት ህዳጉ ወደ 6 ነጥብ ይጠጋል። የ29 ነጥብ ለውጥ ይህን ይሻገራል፤ ኾበርን ከቀጢፍ ለይቶ ለማየት ግን 240 ሰው አይበቃም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በስሌቱ ውስጥ የሌለው ሰው ነው። በዚያው ቆጠራ ከሳውዲ ነዋሪዎች 41.6 በመቶው የውጭ ዜጎች ናቸው። ዳማም ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ ያሳደገች፣ የከተማውን ዓረብኛ አጥርታ የምትናገር ኢትዮጵያዊት «ሳውዲ» የሚለው ምርጫ አይመለከታትም። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳውዲ ሲመለሱ፣ ለኖሩበት ከተማ የነበራቸው ቁርኝት በየትኛውም ሠንጠረዥ አልሰፈረም። በአገራችንም የ2023ቱ የአፍሮባሮሜትር ጥናት ትግራይን አላካተተም፤ ውጤቱን ከቀደመው ዙር ጋር ስናነጻጽር ይህን መርሳት አንችልም።

ስለዚህ ጋዜጦቻችንና መጽሔቶቻችን የማንነት ጥናት ሲጠቅሱ ጥያቄውን ከነምርጫዎቹ ያትሙ፤ ከመቶኛው አሃዝ ጎን ማን እንዳልተጠየቀም ይጻፉ።