ማኅደሩ የማን ነው? ስለ ኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮ አንዳንድ ሂሳዊ ነጥቦች

ከጥቂት ጊዜ በፊት በኢንተርኔት የሚሰጥ የዲፕሎማ ትምህርት የጨረሰች አንዲት ተማሪያችን እዚሁ ካምፕ ውስጥ ለረዳት መምህርነት አመለከተች። ቃለ መጠይቅ ያደረጉላት ሰዎች «እስቲ የሠራሽውን ነገር አሳዪን» አሏት። የሁለት ዓመት ሥራዋ ሁሉ፣ የትምህርት ዕቅዶቿ፣ ድርሰቶቿ፣ የሠራቻቸው የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያዎች ፎቶ፣ የመምህራኖቿ አስተያየት፣ በኮሌጁ ኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ነበር። ሊንኩን ከፈተችው። ፓስወርድ ጠየቃት፤ አስገባች፤ አልከፍትም አላት። ለካስ ትምህርቷን ስትጨርስ ከተማሪዎች ዝርዝር ወጥታለች፤ እሷ ከዝርዝሩ ስትወጣ ሥራዋም ከእጇ ወጣ።

ወደ እኔ መጥታ «መምህር፣ እኔ እኮ አሁን ያለኝ ይቺ አንድ ወረቀት ብቻ ናት» ብላ ሰርተፊኬቷን አሳየችኝ። «አይዞሽ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ጥፋቱ የኔም ጭምር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሥራሽን እዚያ ላይ አስቀምጪ» ስላት ቆይቼ አንድም ቀን «ለራስሽ ኮፒ ያዢ» አላልኳትም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው።

ፖርትፎሊዮ ምንድን ነው ለምትሉ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሠዓሊዎችና የሕንፃ ንድፍ ባለሙያዎች የሠሩትን ለደንበኛ ለማሳየት የሚይዙት የሥራ ስብስብ ነው። በእኛ ቋንቋ «ማኅደር» የሚለው ቃል በደንብ ይቀርበዋል። የብራና መጽሐፍ ማኅደር ከቆዳ የተሠራ፣ ማንገቻ ያለው፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል የመጽሐፍ ማደሪያ ነው። ባለቤቱ ሲሄድ ማኅደሩም አብሮት ይሄዳል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኤሌክትሮኒኩ ማኅደር ያንኑ ሥራ በኮምፒውተር የሚሠራ ነው። ከታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ ማሃራ ይባላል። በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኒውዚላንድ የተጀመረ ሲሆን፣ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ማሰብ» ማለት ነው። ተማሪው ፋይሎቹን ያስገባል፣ ገጽ ያዘጋጃል፣ ስለ ትምህርቱ የዕለት ማስታወሻ ይጽፋል፣ ገጹን ማን እንደሚያየው ራሱ ይመርጣል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሙድል ከተባለው የትምህርት ፕሮግራም ጋርም ተያይዞ ይሠራል።

በመጀመሪያ ጥሩ ጎኑን እንናገር፤ ሂስ ማለት ማጣጣል ብቻ አይደለምና። ፈተና የአንድ ቀን ነገር ነው። ያ ቀን ደግሞ በካምፕ ውስጥ ምን ዓይነት ቀን እንደሚሆን እናውቃለን። የራሽን ቀን ሊሆን ይችላል፤ ተማሪው ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ጀነሬተሩ ሊጠፋ ይችላል። ፖርትፎሊዮ ግን ተማሪው በመስከረም ምን ይችል እንደነበረና በሰኔ የት እንደ ደረሰ ጎን ለጎን ያሳያል። በኒውዮርክ ኩዊንስ የሚገኘው ላጓርዲያ ኮሌጅ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ስደተኞችና የስደተኛ ልጆች ሲሆኑ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዚህ ዘዴ ስሙ የታወቀ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበርም በ2016 ኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮን ለተማሪ ከፍ ያለ ጥቅም አላቸው ከሚላቸው የማስተማር ዘዴዎች ጋር አሥራ አንደኛ አድርጎ መድቦታል።

በስደተኛ ካምፕም ቢሆን ከፈተና ውጭ መመዘን የሚቻል መሆኑ ታይቷል። በሩዋንዳ ኪዚባ ካምፕ በሳውዘርን ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ በኩል በተሰጠው የዲግሪ ትምህርት ተማሪው የሚመዘነው በሚሠራው ፕሮጀክት ነበር። ውጤቱም ወይ «ችሎታል» ወይ «ገና ነው» ነው። «ገና ነው» ማለት ወደቀ ማለት አይደለም፤ አስተካክለህ መልሰህ አምጣው ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ይህቺን «ገና ነው» የምትል ቃል ከማንኛውም ማርክ አስበልጬ እወዳታለሁ።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አራት ነገሮችን ላንሣ።

አንደኛ፣ ሁለት ሥራ በአንድ ማኅደር መጫኑ ነው። ስለ ኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮ ብዙ የጻፉት አሜሪካዊቷ ምሁር ሔለን ባሬት ፖርትፎሊዮ ሁለት ገጽታ አለው ይላሉ። አንደኛው የመሥሪያ ቦታ ነው፤ ሁለተኛው የማሳያ ቦታ። የመሥሪያ ቦታው ስሕተት ይፈልጋል፤ ረቂቁ፣ የተሰረዘው፣ እንደገና የተሞከረው ሁሉ እዚያ ነው። የማሳያ ቦታው ደግሞ ያማረውን ብቻ ይፈልጋል። መምህሩ «ስሕተትህን አሳየኝ» ብሎ ሲያበቃ ያንኑ ስሕተት በማርክ ከመዘነው፣ ተማሪው ሞኝ አይደለም፣ ስሕተቱን ይደብቃል። እኛው ክፍል ውስጥ መጨረሻውን ሠርቶ ካበቃ በኋላ «ረቂቅ» እንዲመስል አበላሽቶ የጻፈ ተማሪ አይቻለሁ! ማሃራም ላይ ተማሪው ገጹን ለምዘና ሲያስገባ ይቆለፋል፤ መምህሩ እስኪለቅለት ድረስ ሊያርመው አይችልም። ለምዘና ሲባል ተገቢ ነው። ነገር ግን አራሚው ሩቅ አገር ሆኖ ወር ሁለት ወር ከቆየ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ተማሪው የገዛ ሥራውን መንካት አይችልም።

ሁለተኛ፣ የአራሚዎች አለመስማማት ነው። በአሜሪካ የቬርሞንት ክፍለ ግዛት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአራተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን በጽሑፍና በሒሳብ ፖርትፎሊዮ መመዘን ጀምሮ ነበር። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ሲመረምረው፣ መጀመሪያ ላይ ያንኑ አንድ ሥራ ሁለት አራሚዎች በጣም የተለያየ ነጥብ ይሰጡት እንደነበር ተገኘ። በኋላ የሒሳቡ ሲሻሻል የጽሑፉ ያን ያህል አልተሻሻለም። ያ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ግዛት፣ በሠለጠኑ መምህራን ነው። የእኛ ተማሪ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ቋንቋው ይጽፋል፤ አራሚው ካምፕ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መመዘኛው ከሥራው በፊት ተጽፎ ለተማሪው ካልተሰጠና ሁለት ሰው ካላየው፣ ፖርትፎሊዮ ከፈተና የበለጠ ፍትሐዊ ነው ማለት ባዶ ወሬ ነው።

ሦስተኛው በጣም የሚያሳስበኝ ነው። ፖርትፎሊዮ ራስን መለስ ብሎ ማየትን ይጠይቃል። «ምን ተማርክ? ከየት ተነሥተህ የት ደረስክ?» ይላል። ጥያቄው ሌላ ቦታ ምንም ክፉ ነገር የለውም። ስደተኛ ግን «ከየት ተነሣህ» ሲባል የሚያስታውሰው የሒሳብ ትምህርቱን አይደለም። አንዳንድ ተማሪዎቻችን አሳዛኝ ታሪክ የተሻለ ማርክ ያመጣል ብለው ያምናሉ፤ አንዳንዴም እኮ አልተሳሳቱም። እንዲህ ሲሆን ልጁ የሚመዘነው በትምህርቱ ነው ወይስ በመከራው? ሌላም አለ። የቤተሰብ ስም፣ የተወለዱበት ቀበሌ፣ የሸሹበት ምክንያት ኢንተርኔት ላይ ከወጣ መመለሻ የለውም። ማሃራ «የሚስጥር ሊንክ» የሚለው ነገር አለው፤ ስሙ ሚስጥር ይባል እንጂ ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ያለ ፓስወርድ ገጹን ያያል። አንድ ሰው ለጓደኛው ካስተላለፈው አለቀ። ስለዚህ የማስታወሻው ጥያቄ ስለ ሥራው ይሁን። «ይህን የትምህርት ዕቅድ ለምን ቀየርከው?» ማለት ይበቃል። ታሪኩን መጻፍ የሚፈልግ ይጻፍ፤ ማርክ ግን አይያዝበት።

አራተኛ፣ ወደ ማኅደሩ ባለቤት ልመለስ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ጽሑፉ በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ሲሆንስ ማን ይወርሰዋል? ብዙ ሰው የራሱን ገጽ የሠራበት ጂኦሲቲስ በ2009 ተዘጋ። መምህራን በነፃ ይጠቀሙበት የነበረው ዊኪስፔስስ በ2018 ተዘጋ። ለተዘጋው ድርጅት አንድ የሥራ ውሳኔ ነው። ሥራውን ሌላ ቦታ ላላስቀመጠ ተማሪ ግን የዓመታት ድካም ነው። ዩኒቨርሲቲም ያው ነው፤ ፕሮጀክቱ በጀቱ ሲያልቅ ሰርቨሩንም የሚከፍልለት ያጣል።

ይህ ለእኛ ለምን ይከብዳል? የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በ2019 ከስደተኛ ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው ብሎ፣ በ2030 ወደ 15 በመቶ ለማድረስ ግብ ተይዟል። ይህ እንዲሳካ ብዙው ትምህርት በርቀት መሆኑ አይቀርም። ከፍተኛ ትምህርትን እርስ በርስ ስለ ማወቅ ዩኔስኮ ያወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት በመጋቢት 2023 ሥራ ላይ ሲውል፣ ሰነድ ማቅረብ የማይችሉ ስደተኞች ትምህርታቸው የሚገመገምበትን መንገድ ፈራሚ አገሮች እንዲያመቻቹ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ግምገማ ፊት የሚቀርብ ሰው በእጁ የተደራጀ የሥራ ማኅደር ቢኖረው ምን ያህል እንደሚያግዘው አስቡት። ከቤቱ ሲሸሽ ዲፕሎማውን ትቶ የመጣ ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በፓስወርድ ምክንያት ባዶ እጁን መቅረት የለበትም።

ስለዚህ ፍርዴን ባጭሩ ልናገር። ኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮ ለካምፕ ተማሪ ከፈተና የተሻለ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪው ይዞት መሄድ ካልቻለ ግን የተማሪው ፖርትፎሊዮ አይደለም፣ የተቋሙ መዝገብ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ማብራሪያ ስለ ማስገባት ብቻ ሳይሆን ስለ ማውጣትም ይሁን። ማሃራ ገጾቹን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት በሚከፈት መልክ አውርዶ የመስጠት ችሎታ አለው፤ ስንቶቻችን ነን ይህን ለተማሪ ያሳየነው? አዲስ ትምህርት ይዘው የሚመጡ ተቋማትንም «ተማሪው ሲጨርስ አካውንቱ ስንት ጊዜ ክፍት ይቆያል?» ብለን መልሱን በጽሑፍ እንጠይቅ። መምህራን ደግሞ ረቂቁን ለመማሪያ፣ ተማሪው ራሱ የመረጣቸውን ሦስት አራት ሥራዎች ለማርክ እንለይ።

ተማሪዎች፣ እናንተም መምህር እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። በወር አንድ ቀን ሥራችሁን በፍላሽ ወይም በሞባይላችሁ ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጡ፤ ሁለተኛውን ኮፒ የምታምኑት ሰው ጋ አስቀምጡ። ያቺ ተማሪያችን ኮሌጁ አካውንቷን መልሶ እንዲከፍትላት ጽፈንላት መልሱን እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ድረስ የምታስታውሰውን የትምህርት ዕቅድ በእጇ እንደገና እየጻፈች ነው። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይም በሌላ ካምፕ የተሻለ አሠራር ያያችሁ፣ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።