ስለ ፍጥነት ውዳሴ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በቃል ውበት የተማረከ ሰው የቃሉን ፍሬ ሳይመረምር ያልፋል። እኔም በወጣትነቴ በዚህ ስሕተት ወድቄአለሁ። የኢጣሊያው ባለቅኔ ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1909 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) በፓሪሱ የፊጋሮ ጋዜጣ ያወጣውን የፊውቱሪስቶች አዋጅ መጀመሪያ ያነበብሁ ጊዜ ልቤ በደስታ ዘለለ። ፊውቱሪስት ማለት የመጪው ዘመን ወገን ነኝ ባይ ማለት ነው።

ለጸሐፊው የሚገባውን ላለመንፈግ፥ አጻጻፉ ብርቱ ነው። ዓለም አዲስ ውበት አግኝቷል፥ እርሱም ፍጥነት ነው ይላል። የእሽቅድምድም አውቶሞቢል በሉቭር ቤተ መዘክር ከቆመው ከጥንቱ የግሪኮች የድል ሐውልት ይልቅ ያምራል ይላል። ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት ይፍረሱ ይላል፤ ጦርነትንም የዓለም ማጽጃ አድርጎ ያሞግሳል።

ዳሩ ግን ወደ አንቀጾቹ ከመግባቱ በፊት አንድ ታሪክ ያወጋል። ብዙ አንባቢ ይህን ስለሚዘለው እኔ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። ጸሐፊው ከጓደኞቹ ጋራ ሲጽፍና ሲከራከር ካደረ በኋላ አውቶሞቢሉን እያስጋለበ ይወጣል። በመንገድ ሁለት ብስክሌት ነጂዎች ይገጥሙትና ከነመኪናው ከጭቃ ቦይ ውስጥ ይገለበጣል። ይህ ነገር በ1908 በሚላኖ አጠገብ በእውነት ደርሶበት ነበር። በጽሑፉ ግን ብስክሌተኞቹን መንገድ ዘጉብኝ ብሎ እንደ ሞኞች ይቈጥራቸዋል እንጂ፥ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆኑ አንድ ቃል አይነግረንም። መኪናውን ከቦዩ የሚያወጡለት ደግሞ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ የብረት መረብ ዘርግተው፥ እንደ ትልቅ ዓሣ ቀስ ብለው ይጎትቱታል። ባለቅኔው ግን ምስጋናውን የሚሰጠው ለአውቶሞቢሉና ለጭቃው ነው። ይህን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ አፈርሁ፤ በመጀመሪያው ንባቤ እኔም ብስክሌተኞቹን ረስቻቸው ነበርና።

ለእኛ ይህ የሥነ ጽሑፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር፥ ማሪኔቲ ወደ ስድሳ ዓመት ተጠግቶ ሳለ በፈቃዱ ዘምቶ መጣ፤ ተመልሶም በ1937 ስለ ዘመተበት ክፍለ ጦር የግጥም መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ጦርነት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በወታደሩና በባላገሩ ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። በላይ ለሚበረው ሰው በታች ያለው እረኛ እንደ ብስክሌተኞቹ መንገድ የዘጋ ነበር።

የኋለኞቹ መሐንዲሶች ማሪኔቲን አንብበው ሠሩ አልልም። ደግሞም ፍጥነትን በጠቅላላው የምነቅፍ አይምሰላችሁ፤ ሐኪም ለሕመምተኛ ፈጥኖ ቢደርስ የሚከፋው የለም። እኔ የምለው፥ መጪው ዘመን ይህን ይመስላል የሚል ሥዕል በሰው ልብ ሲቀመጥ፥ መኪናውን የሚሠራው እጅ ያንን ሥዕል እየተከተለ ይሠራል ነው። ለዚህም ኮንኮርድ ምስክሬ ነው።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ከድምፅ የሚፈጥነውን ይህን አውሮፕላን በጋራ ለመሥራት በ1962 ተፈራረሙ። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አሜሪካም የራስዋን እንደምትሠራ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ብዙ አዋቂዎች መንገደኛ ሁሉ ወደፊት ከድምፅ በላይ እንደሚበር እንደ ተፈጸመ ነገር ይቈጥሩት ነበር። ይሁን እንጂ ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ባለፈበት ሁሉ ነጐድጓድ የሚመስል ድምፅ በምድር ላይ ይጥላል። በ1964 የአሜሪካ መንግሥት ሕዝቡ ይህን ይችለው እንደ ሆነ ለመፈተን በኦክላሆማ ሲቲ ላይ በስድስት ወር ውስጥ 1,253 ጊዜ ይህን ድምፅ አሰማ። መስታወት ተሰነጠቀ፥ አቤቱታ ጐረፈ፤ ከተጠየቁትም ሰዎች ከአራት አንዱ ያህል ልንለምደው አንችልም አሉ። እነሆ ብስክሌተኞቹ በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ተሰማ። በ1971 የአሜሪካ ምክር ቤት ለራሱ አውሮፕላን የሚሰጠውን ገንዘብ ከለከለ፤ በ1973 ደግሞ ሲቪል አውሮፕላን በአገሪቱ የብስ ላይ ከድምፅ በላይ እንዳይበር ተከለከለ። ኮንኮርድም ያን ፍጥነቱን የሚያሳየው በአብዛኛው በባሕር ላይ ሆነ።

እኔን ይልቁንም የሚያስደንቀኝ የሌላው አውሮፕላን ነገር ነው። በጆ ሰተር የሚመሩት የቦይንግ መሐንዲሶች 747ን ሲነድፉ እነርሱም ያንኑ ሥዕል አምነው ነበር። መንገደኛው ሁሉ ወደ ፈጣኑ አውሮፕላን ሲሄድ የእኛ ዕቃ ጫኝ ሆኖ ይቀራል ብለው፥ አፍንጫው ተከፍቶ ዕቃ እንዲገባ የአብራሪዎቹን ክፍል ከላይ ሰቀሉት። የዚያ አውሮፕላን ጉብታ የመጣው ከዚህ ነው። የተጠበቀው ዘመን ሳይመጣ ቀረ፤ 747 ግን በአንድ ጉዞ ከኮንኮርድ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ሰው እየጫነ፥ ትኬት ረክሶላቸው መጀመሪያ ጊዜ ባሕር የተሻገሩትን ብዙዎች አደረሰ። እስከ 2022 ድረስ 1,574 ተሠሩ። ከኮንኮርድ የተሠሩት 20 ሲሆኑ፥ ለመንገደኛ አገልግሎት የዋሉት 14 ነበሩ፤ እነርሱም በ2003 ሥራ አቆሙ።

ዛሬ ኮንኮርድን ማየት የሚወድ ሰው በፓሪስ አጠገብ ለ ቡርዤ ወዳለው ቤተ መዘክር ይሄዳል። 747 ግን አሁንም በየአውሮፕላን ጣቢያው አፍንጫውን ከፍቶ ዕቃ ሲጭን ይታያል።