ጀርባውን ገልብጠው ይዩት

ሁሩሙ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና አገር ናት። የኢሉባቦር ቡና ድሮ በጎሬ በኩል በበቅሎ ተጭኖ ጋምቤላ ይወርድና ከዚያ በባሮ ወንዝ በመርከብ ይሄድ ነበር፤ መገበያያው ጠገራ ብር ነበር። ከአያት የወረደ የብር መስቀል ወይም አልቦ ያለው ቤተሰብ፣ ብሩ ቀልጦ ጌጥ ሳይሆን፣ ጠገራ ሳለ ቡና ሳይገዛ አልቀረም ብሎ ቢጠረጥር አያስወቅሰውም።

ጠገራው ከ1780 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መቼም ቢመታ ያንኑ 1780 ይላል፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጁ 833ቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ። አንጥረኛ የሚወደው ለዚህ ነው፤ የሚያቀልጠውን ሳይፈትን ያውቀዋል።

ጥልፍ የመሰለው የብር ሥራ የሚጀምረው ከሽቦ ነው። ብሩ ቀልጦ ዘንግ ይሆናል፤ ዘንጉ እየጠበበ በሚሄድ ቀዳዳ ይሳባል። መሳቡ ስለሚያደነድነው በየመሃሉ እሳት ያያል። ሲቀጥን ሁለቱ ተገምደው በመዶሻ ይጠፈጠፋሉ። ጠርዙ ላይ ጥርስ ጥርስ እያለ የሚታየው መስመር የግምዱ ነው እንጂ የቀረጸው የለም። ትንንሾቹ እንክብሎችም ከሻጋታ አልወጡም፤ ቁራጭ ሽቦ ከሰል ላይ ሲቀልጥ በራሱ ይድቦለቦላል።

ጭንቁ ብየዳው ነው። መበየጃው ከሽቦው ትንሽ ቀድሞ መቅለጥ አለበት፤ ነበልባሉ ለአፍታ ከበዛ የቀኑ ጥምዝምዝ ሁሉ አንድ ጠብታ ይሆናል። መበየጃው ከበዛ ደግሞ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ፊቱ ላይ ያለውን ሞረድና መወልወያ ያስተካክለዋል፤ ጀርባው ግን እንዳለ ይቀራል። እኔ ፊቱን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

ፈርጥ ሲጨመር ቅደም ተከተሉ ሁሉን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ ውስጥ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲነከር ቀለሙ ጠፍቶ መስታወት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። እሳት ግን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ማቀፊያው ቀድሞ ይበየዳል፣ ይታጠባል፣ ይወለወላል፤ ድንጋዩ በመጨረሻ፣ ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ ይገባል። ከዚያ የማቀፊያው ጠርዝ ዙሪያውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ድንጋዩ ይታጠፋል፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ድንጋዩን ያዘነብለዋል። የሻኪሶ ኤመራልድም ውስጡ ስንጥቅ ስለማያጣ ይህንኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሙጫ የተለጠፈ ፈርጥ በድንጋዩና በብሩ መካከል በሚያብለጨልጭ ቀጭን መስመር ይታወቃል፤ እንዲህ ያለውን በእጅ ሥራ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ሲገጥመኝ አልከራከርም፣ አስቀምጬው እወጣለሁ።